ያቃጠልኩት ማቱሳላ

በልደታ ምድር ወረቀት በማንበብ የሚስተካከለኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው፤ ግን እውነት ነው። ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ እግሬን ስዘረጋ ጫማዬ አስፋልት ላይ በሚወጣባት ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የክስ ወረቀት ሲመጣልኝ ገና ከእጥፋቱ ሳይፈታ ከሳሹ ምን እንደሚል፣ ተከሳሹ ምን ብሎ እንደሚክድ፣ ቀጠሮው ስንት ጊዜ እንደሚተላለፍ እነግራችኋለሁ። የሐኪም እጅ ጽሑፍ አነባለሁ፤ ይህም ማለት ዶሮ ጭቃ ላይ የሄደችበትን አይቶ የባለቤቷን ስም መናገር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ዳኛ ራሳቸው የጻፉትን ማንበብ አቅቷቸው እኔን አስጠርተዋል። (ይህቺን ትንሽ አጋንኜያታለሁ፤ ያስጠራኝ ተላላኪያቸው ነው፤ እሱም የፈለገው እስክሪብቶ ነበር።)

ይህ ሁሉ ችሎታ ቤቴ ውስጥ፣ የገዛ ልጄ ጠረጴዛ ላይ የተቆለለ ወረቀት ፊት ስደርስ ጥሎኝ ጠፋ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። የምኖረው ጌጃ ሰፈር፣ አራት ቤተሰብ አንድ የውሃ ቧንቧ በሚካፈልበት ግቢ ውስጥ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀኝ በማመልከቻዬ ሳይሆን በቀልዴ ነው። ለቅሶ ቤት ስገባ እንኳ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ከሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ ሳቃቸው እንዳያመልጥ ነው።

ባለቤቴ አስቴር ስትታመም ይህን ቀልዴን ለክፉ ሥራ አዋልኩት። ብቸኛዋ ልጃችን ራሄል ያን ጊዜ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበረች። «ፈተናዋን ታበላሻለች፤ አይነገራት» ተባለ። ዘመድ ሁሉ ተስማማ። እኛ አገር ለልጅ ክፉ ነገር የሚነገረው ወይ ፈተና ሲያልቅ ነው፣ ወይ ሰው ሲያልቅ። ስልክ ደውላ «እማዬን አገናኘኝ» ስትለኝ፣ «ገበያ ሄዳለች» እላታለሁ። በሌላ ቀን «ፀጉሯን እየተሠራች ነው» እላታለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ «ካንቺ ጋር ተኳርፋለች፤ ምን እንዳደረግሽ አስቢና ይቅርታ ጠይቂ» እላታለሁ። ትስቃለች። አስቴር ከአጠገቤ አልጋ ላይ ሆና በዓይኗ ታየኛለች፤ ድምጿ መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ሁለት ወር ሙሉ ልጄን አሳቅኳት። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁለት አጎቶቿ ጋቢ ለብሰው የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሙ። ቤት ስትደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር።

አላለቀሰችም፤ አልሰደበችኝም። ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ቀረች። ከአርባው ማግስት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ የተነሳችው ለመተኛትና ወረቀት ለመግዛት ብቻ ነው ብል፣ ያለወትሮዬ ምንም አላጋነንኩም።

የምትጽፈው እንዲህ ነው፦ ባለትንንሽ ካሬ ወረቀት ታነጥፋለች፤ ከካሬዎቹ ውስጥ አንዳንዶቹን በእስክሪብቶ ታጠቁራለች፤ ከዚያ ሌላ ወረቀት ታወጣና እንደገና ታጠቁራለች፤ ግን ትንሽ ለየት አድርጋ። ነጥቦቹ ሲበዙና ሲሰፉ አንዱ ወረቀት ስለጠበባት ሁለት ሁለት እያደረገች በፕላስተር ታጣብቅ ጀመር። በእያንዳንዱ አናት ላይ «ማቱሳላ» ብላ ትጽፋለች፤ ከጎኑ ቁጥር። ማቱሳላ 112። ማቱሳላ 113። በቀን ስምንት፣ ቢበዛ ዘጠኝ። አዲሱን ከላይ እያደረገች ትቆልላለች።

«ምንድነው እሱ ራሄልዬ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሲረጋ እነሳለሁ።»

«ምኑ ነው የሚረጋው?»

«ይሄ» አለችና በእስክሪብቶዋ ወረቀቱን ነካ አደረገችው። ያ የዚያ ወር ረጅሙ ንግግራችን ነበር።

ምግብ ቀንሳ ቀንሳ ሁለት ጉርሻ ላይ ደረሰች። ከመክሳቷ የተነሳ ጥላዋ ከሷ ይወፍር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ራሄል ወረቀት ልትገዛ እንደወጣች የግቢያችን ታላቅ እትዬ በለጡ ሳያንኳኩ ገቡ።

«ታደሰ፣ በዚህ ቤት ያለው ነገር ደግ አይደለም።»

«ምን አጠፋን እትዬ? ድመቷ ወጥዎን ከፈተች?»

«አትቀልድ! አሁን አትቀልድብኝ!» እትዬ በለጡ ሲቆጡ አውቃለሁ፤ ሲፈሩ ግን አይቼ አላውቅም። «ልጅቷ የምትጽፈው ምንድነው?»

«ሒሳብ ነው።»

«አንተ አይተኸዋል? አንብበኸዋል?»

 ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ያነበብኩ ሰው ቀና ብዬ ጣሪያውን አነበብኩ።

ወደ ጠረጴዛው ሄደው የክምሩን የላይኛውን ወረቀት አነሱ። «መደመር የት አለ? መቀነስ የት አለ? ነጥብ ብቻ የሆነ ሒሳብ በየት አገር ታየ? ደግሞስ ማቱሳላ የሒሳብ ሰው ነው ወይ? የአበውን ስም እየጠራች፣ እየቆጠረች… ሰፈሩ ምን እንደሚል አልሰማህም?»

«ምን ይላል?»

«ድግምት ነው ይላል። አስማት እየጻፈች ነው ይላል።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እናቷን ልትጠራ ነው፣ ታደሰ። ሙት ልትጠራ ነው።»

አንባቢዎቼ፣ በዚህ ትስቁ ይሆናል፤ እኔም በሌላ ሰው ቤት ቢሆን በሳቅ እንደባለል ነበር። ግን አራት ወር ገደማ ሌት ተቀን የልጃችሁን ጀርባ ብቻ ብታዩ፣ የማይገባችሁ ነገር ሲቆለል ብትመለከቱ፣ ከዚያ አንዲት የፈራች ሴት መጥታ ላልገባችሁ ነገር ስም ብትሰጥላችሁ፣ ስሙን ትይዙታላችሁ። የሰመጠ ሰው ገመዱን ማን እንደወረወረው አይጠይቅም። ደግሞም «እናቷን ልትጠራ ነው» የሚለውን ቃል ማመን ቀለለኝ፤ አስቴርን የመጥራት መብት ያላት፣ በእኔ ውሸት ግን በሕይወት ሳለች ጠርታ ሳትሰናበታት የቀረችው እሷ ናትና።

«ይቺን ለንስሐ አባታችን ለአባ አሳያለሁ» አሉ እትዬ በለጡ፣ ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ። «አሁኑኑ ልደታ እሄዳለሁ። አንተ የቀረውን አጥፋ። ልጅቷ ሳትመለስ!»

ከቧንቧው አጠገብ ባለው አሮጌ በርሜል ውስጥ አነደድኩት። ወረቀት በአንድ ጊዜ የሚቃጠል ይመስላችኋል? ክምር ወረቀት ግትር ነው፤ ዳር ዳሩ ይነድና መሃሉ ነጭ ሆኖ ያፈጥባችኋል። በእንጨት እያገላበጥኩ፣ እፍ እያልኩ፣ ዓይኔ እያለቀሰ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ነጥቦቹ ከመጥፋታቸው በፊት ቀይ እየሆኑ ያበሩ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ስከት የግቢው በር ሲጥ አለ። ራሄል ናት። አዲስ ወረቀት ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። በርሜሉን አየች። እጄን አየች። ጥላሸት የሆነ ፊቴን አየች።

«ራሄልዬ፣ እኔ እኮ ላንቺ ብዬ…»

«ደግሞ?» አለች።

አንዲት ቃል። ቤት ገባች፤ ወዲያው ወጣች፤ ጥቅል ወረቀቱን እንደያዘች በሩን አልፋ ሄደች። «ልከተላት ወይስ ትቀዝቅዝ?» ስል ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ሳይ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ክምሩ የነበረበት ቦታ መሃል ላይ ተቀምጧል። ስልኳን ትታ የምትወጣ የሃያ ዓመት ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሮጥኩ። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የሮጥኩት መቼ እንደሆነ መንግሥትም አያስታውሰውም። የሰፈሩን ቅያስ ሁሉ አዳረስኩ፤ ጓደኛዋ ቤት ጠየቅሁ፤ የእናቷ መቃብር ድረስ ሄድኩ፤ የለችም። ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ሰባት ሰዓት አለፈ። «ቀጭን፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰች፣ ወረቀት የያዘች» እያልኩ ያላስቆምኩት ሰው የለም። አንዱ ወያላ «ጋሼ፣ ይግቡና አብረን እንፈልጋት» ብሎ ተሳለቀብኝ። በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ያን ቀን ግን አመስግኜው አለፍኩ፤ ምን እንዳለኝ የገባኝ ሃያ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱን የምትገዛበት ሱቅ ትዝ አለኝ። ተክለ ሃይማኖት፣ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡት ጋሽ ሸምሱ ዘንድ። አንድም ቀን አብሬያት ሄጄ አላውቅም፤ ሱቁን ያወቅሁት ከወረቀቱ ፌስታል ላይ ስሙን አንብቤ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ወረቀት የምትገዛ ልጅ… ራሄል የምትባል…»

«አንተ አባትዋ ነህ?» ከወንበራቸው ተነሱ። «ምን አደረግካት?»

«ለምን እንዲህ ይሉኛል?»

ከባንኮኒው ሥር ያንኑ ጥቅል አወጡ። «ጠዋት የገዛችውን እኩለ ቀን ላይ መልሳ አመጣችው። ‹ጋሼ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም› አለችኝ። ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ነግጃለሁ፤ ዕቃ የሚመልስ ሰው ፊት አውቃለሁ። ይሄ የዕቃ መመለስ ፊት አልነበረም።»

«ወዴት ሄደች?»

«‹ባቡር ልሳፈር› አለች። ‹ወዴት?› ብላት ‹ወዴትም› አለች።»

ባቡሩን ሳይሆን ሐዲዱን ነው ያየሁት፤ ምን እንዳሰብኩ አልጽፈውም፤ አባት የሆነ ያውቀዋል። ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩና የጻፈችውን ሁሉ አቃጠልኩት አልኳቸው። ድግምት መስሎኝ አቃጠልኩት።

ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ከዚያ ባለካሬ ደብተር ገልጠው አምስት ላጲስ አስቀመጡ። ሦስቱን ቁልቁል ደረደሩ፤ አንዱን ከላይኛው በስተቀኝ፣ አንዱን ከመሃለኛው በስተግራ።

«ድግምቱ ይሄውልህ። በየሳምንቱ እየመጣች ያስተማረችኝ። ላጲስ ያለበት ካሬ፣ እሷ የምታጠቁረው ማለት ነው፣ በሕይወት አለ። አንድ ካሬ ዙሪያውን ስምንት ጎረቤት አለው። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቱ በሕይወት ካለ፣ ይኖራል። ከዚያ ካነሰ በብቸኝነት ይሞታል፤ ከበዛ ታፍኖ ይሞታል። ባዶ ካሬ ልክ ሦስት ጎረቤት ካገኘ፣ እዚያ አዲስ ይወለዳል። ሕጉ በቃ ይሄ ነው። እስቲ ቀጣዩን አንተ ሥራው።»

በዚያ ጭንቀት መሃል ለምን እጄን እንደዘረጋሁ አላውቅም። መሃለኛው ላጲስ አራት ጎረቤት ነበረውና አነሳሁት። ከዚያ ሌላውን ስቆጥር ተሳሳተብኝ።

«እንደ ዳማ አታንሳ!» እጄን መታ አደረጉኝ። «ሁላችሁም ዳማ ተጫዋቾች አንድ ናችሁ። አንዱን አንስተህ ሌላውን ከቆጠርክ ጎረቤቱ ተለወጠ። ማንንም ሳትነካ መጀመሪያ ሁሉንም እየው። ከዚያ ሁሉም አብሮ ይለወጣል።»

አየሁ። መሃለኛው ሞተ፤ ከግራ በኩል ላይና ታች ሁለት ተወለዱ። አምስት የነበረው ስድስት ሆነ።

«አሁን ከዚህ አምስት ላጲስ ስንት እርምጃ የሚሄድ ይመስልሃል? እኔ አሥር ብያት ነበር። ሳቀችብኝ።»

«ሳቀች?» አልኩ። ልጄ ከሳቀች አምስት ወሯ መስሎኝ ነበር።

«አንድ ሺህ አንድ መቶ ሦስት። ይሰፋል፣ ይፈርሳል፣ አለቀ ስትል ካንዱ ጥግ ይነሳል፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሦስተኛው ላይ ነው የሚረጋው። እንዲህ ከትንሽ ተነስቶ ብዙ የሚኖረውን ባለሙያዎቹ ማቱሳላ ይሉታል አለችኝ። ‹ታዲያ ስልክሽ በአንድ ደቂቃ አይጨርሰውም ወይ?› ብዬ ጠየቅኋት። ምን እንዳለችኝ ልንገርህ?»

«ይንገሩኝ።»

«‹ይጨርሰዋል ጋሼ። እኔ ግን አንድም ቀን ሳይዘለል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኔ አይቼ የጨረስኩት ነገር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። እናቴን ዘለሉብኝ› አለች።»

«ደግሞ?» ያለችኝ ያኔ ገባኝ። ወረቀት ሻጭ የሚያውቃትን ልጄን እኔ አላውቃትም ነበር። ሱቁ ውስጥ፣ ደብተር ሊገዙ የገቡ ሰዎች እያዩኝ፣ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ተንሰቀሰቅሁ።

ጋሽ ሸምሱ ክንዴን ያዙኝ። «ስማኝ። የትኛው ላይ ደርሳ ነበር?»

«ስምንት መቶ ሰባ… አራት። ሁሉም ነዷል።»

«ሁሉም አያስፈልግም እኮ! ቀጣዩን ለመሥራት የሚያስፈልገው የመጨረሻው ወረቀት ብቻ ነው። እሷ ሁሉን አይታዋለች፤ ያየችውን እሳት አይበላውም። የመጨረሻዋ አንድ ወረቀት ብትተርፍ ይቀጥላል።»

የመጨረሻዋ ከላይ ነበረች። የላይኛዋን እትዬ በለጡ ወስደዋታል። የወሰዷት ደግሞ ለአባ፣ በድግምት ክስ።

«ባዶ እጅህን አትሂድባት» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ ከኋላዬ።

ልደታ ማርያም ደጅ ስደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። በመንገዴ ሁሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር፤ ባቡር ጣቢያው ሮጬ እንደመሄድ ወረቀት ፍለጋ መጀመሬ ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሥላሴ ከዛፉ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን ሲጠብቁ የዋሉት እትዬ በለጡ አጠገባቸው ቆመዋል፤ ወረቀቱ አባ ጉልበት ላይ ተዘርግቷል። አንዱ ጥጉ ረጥቧል።

«አባቴ! አይቅደዱት!»

«ማን ሊቀደው?» አሉ ቀና ብለው። «እኔ እያየሁት ነው። በለጡ ከመድረሷ ጸበል ረጨችበት እንጂ።»

«ለጥንቃቄ ብዬ ነው» አሉ እትዬ በለጡ።

«ታደሰ፣ እኔ በልጅነቴ የአስማት መጽሐፍ ከባለቤቱ ሰርቄ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አስማት እንዲህ ንጹሕ አይደለም። ይሄ የታገሠ ሰው ሥራ ነው። የማን ነው?»

በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ሕይወቴን ሙሉ በአጭሩ የነገርኩት ያን ብቻ ነው። አባ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ሰጡኝ። «ማቱሳላ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ኖረ ይላል መጽሐፉ። ያንተ ልጅ አንድ ሺህ አንድ መቶ ልታስገባው ነው? ሂድ፣ ሂድ! ስታገኛት ግን ምክንያት አታብዛ። አንተ ምክንያት ስታበዛ ቀልድ ይገባበታል።»

ለጋሽ ሸምሱ ሱቅ በሚቀርበው ጣቢያ ላይ ያለው ጥበቃ እሷን የምትመስል ልጅ እኩለ ቀን ላይ ትኬት ቆርጣ ስትገባ እንዳየ ነገረኝ፤ ስትወርድ ግን አላየም። መድረኩ ላይ ቆምኩ። ባቡር ሲመጣ ወረቀቱን ዘርግቼ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ከመስኮት መስኮት እሮጣለሁ። ባቡሩ ይሄዳል። ሌላው እስኪመጣ ሐዲዱን አለማየት እታገላለሁ። ተሳፋሪዎቹ መስታወቱን ተጭነው ያዩኛል።

«ጋሼ፣ ሎተሪ ነው?» አለኝ አንድ ወጣት በሩ ሲከፈት።

«ልጄን አይተሃታል? ጥቁር ሹራብ…»

ፊቱ ተለወጠ። «አይ፣ አላየሁም ጋሼ። ይቅርታ።»

ሦስት ባቡር አለፈ። አምስት አለፈ። እጄ ዛለ፤ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ሄደች፤ ሰባተኛው ተጨናንቆ መጣና ፊት ብቻ ፊት ብቻ አሳይቶኝ ሄደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ላይ፣ በመጨረሻው መስኮት በኩል ግንባሯን መስታወቱ ላይ ያስደገፈች ልጅ አየሁ። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ዓይኗ መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን ነጥቦቹን ነበር። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረች ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል በሰው መሃል ተሹለክልካ ወረደች።

«አባዬ፣ ከየት አመጣኸው?»

ቀኑን ሙሉ ከጫፍ ጫፍ ስትመላለስ ነበር የዋለችው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ወርዳ የምትሄድበት ቦታ ስላጣች ነው።

አፌ ላይ የተዘጋጀ አንድ መቶ ምክንያት ነበር። አባን አስታወስኩ። «እናትሽ ከታመመችበት ቀን፣ ከዚያ ሰኞ ጠዋት ጀምሬ ልንገርሽ» አልኳት። «አንድም ቀን ሳልዘልል። ከፈለግሽ።»

መድረኩ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ከጥግ እስከ ጥግ ካሬ በካሬ አየችው።

«እዚህ ጥግ ጠፍቷል» አለች በመጨረሻ።

«ጸበል ነክቶት ነው።»

«ምን?»

«እትዬ በለጡ… ጸበል ረጭተውበት ነው።»

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ግን ለቅሶም ሆነ። ያቺን የአምስት ወር ለቅሶ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ሰው እየወጣና እየገባ፣ ትከሻዬ ላይ አለቀሰችው። ሲያባራላት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ጣቷን የረጠበው ጥግ ላይ አደረገች።

«እዚህ አራት ነበሩ። እንዲህ፣ ሁለት በሁለት። ከረጉ ቆይተዋል፤ ካልተነኩ አይንቀሳቀሱም። አውቃቸዋለሁ።» ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ አራቱንም በየቦታቸው መለሰቻቸው።

ከዚያች ማታ ጀምሮ እሷ ትቆጥራለች፣ እኔ አጠቁራለሁ። እያጠቆርኩ እነግራታለሁ። የመጀመሪያውን ሳል። ሐኪሙ ያለውን። አስቴር «ልጄን ጥሩልኝ» ብላ የጻፈችባትን ቁራጭ ወረቀት፣ አንብቤ ኪሴ የከተትኳትን። ያቺን ስነግራት ራሄል መቁጠሩን አቁማ ወጣች፤ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ «ቀጥል» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ተኩል ፈጀብን። አምስት አምስት ነጥብ ሆነው እየተንሸራተቱ ከወረቀቱ የሚወጡ አሉ፤ ዳሩን ካለፉ «ሄደዋል፤ ተዋቸው» ትለኛለች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሦስትን ስንጨርስ ቀጣዩን ሠራን፤ ሌላም ጨመርን። ከዚያ ወዲያ ምንም አዲስ ነገር አልመጣም። ቀሪው ሁሉ ባለበት ቆሟል፤ ሦስት ሦስት ሆነው አንዴ ቆመው አንዴ ተጋድመው የሚያዩን ጥቂቶች ብቻ ቀሩ።

«ረጋ» አለች። «እነዚህ ግን ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው።» ከዚያ ርቧት ነበርና በላች። በተከታዩ ሴሚስተር ትምህርቷን ቀጠለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ «አይነገራት» የተባለ ነገር ካለ፣ ስለ እናንተ መፍረድ አልችልም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የዘለልኩት መስመር የለም። ባለጉዳይ ፍርዱን ይዞ ሲመጣ ክፉውንም ደጉንም ከላይ እስከ ታች አነብለታለሁ፤ ለሚያለቅስ ወንበር አለኝ። ራሄል ስትደውል ሆዴን ካመመኝ ሆዴን አመመኝ እላታለሁ። ታዲያ አሁን ደግሞ «አባዬ፣ በቃኝ፣ ስለ ጥርስህ ትናንት ነግረኸኛል» ትለኛለች።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ታሪክ በሰፈር ሳወራ ሰው ሁሉ እትዬ በለጡን ይወቅሳል፤ እኔም ዝም እላለሁ። እውነቱ ይሄ ነው፦ ያ ቅዳሜ ከመድረሱ ሦስት ሳምንት በፊት ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ አንዱ «ልጅህ ቤት ውስጥ ምን ትጽፋለች?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩ። «አስማት ነው፤ ሙት ትጠራበታለች፤ አርፋችሁ ተቀመጡ፣ በኋላ የእናንተንም አያት ታመጣባችኋለች» አልኩና ቤቱን በሳቅ አናወጥኩት። ወሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ዞሮ ዞሮ በራፌ ላይ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም፤ አምኜው ክብሪት ጫርኩ።